አዲስ አበባ ላይ ፈሳሽ፣ ጋምቤላ ላይ ጋዝ፦ የሜቲሊን ክሎራይድ ንግድና አደጋው

የኬሚካል ደላላ ስለ አንድ ዕቃ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚናገረው የበርሜሉን ዋጋ ነው። ቀጥሎ የመጣበትን አገር፣ ከዚያም ስንት በርሜል እንደቀረ ይነግራል። ዕቃው በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚፈላ የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም የለም፤ ቢጠይቅም መልስ የሚሰጠው ማግኘቱ ያጠራጥራል። በአዲስ አበባ አየር ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ቢቀር ጉዳቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ዕቃው ጎሬንና ቡሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ ቆላ ሲወርድ ግን ጥያቄው የትርፍና የኪሳራ፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ዕቃ ሜቲሊን ክሎራይድ ነው። በኬሚስቶች ዘንድ ዳይክሎሮሜቴን ይባላል። ክሎሪን ካለባቸው ሶልቬንቶች ማለትም ከትራይክሎሮኤቲሊን፣ ከፐርክሎሮኤቲሊንና ከክሎሮፎርም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቀለም የሌለው፣ ጠረኑ ጣፋጭነት ያለው፣ ግራሶና አሮጌ ቀለም በፍጥነት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ነው። በዓለም ገበያ የቀለም ማስለቀቂያ፣ የብረታ ብረት ማጽጃ፣ የማጣበቂያና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይገዙታል፤ የስፖንጅ ፍራሽ አምራቾችም ስፖንጁን ለማቅለል ይጠቀሙበታል። በጉምሩክ ታሪፍ ምደባ 2903.12 ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ጭነት ቁጥር ደግሞ 1593 ሲሆን፣ የመደብ ቁጥሩ 6.1 ነው፤ ይኸውም መርዛማ ዕቃ ማለት ነው።

ጋምቤላ ለዚህ ዕቃ ትልቅ ገበያ አይደለችም። ስጋቱም ያለው እዚሁ ላይ ይመስለናል። ትልቅ ገዢ ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ከነሙሉ በርሜሉ፣ ከነምልክቱና ከነሰነዱ ያስመጣ ነበር። የጋምቤላ ፈላጊ ግን ጋራዥ፣ የጄኔሬተር ጥገና ቤት፣ የትራክተር ባለቤት፣ የብረት በርና አልጋ ቀለም የሚያድስ ሱቅ ነው። ከደቡብ ሱዳን የመጡትን ስደተኞች ለማገልገል በክልሉ የሚንቀሳቀሱት ተሽከርካሪዎችና ጄኔሬተሮች፣ በአቦቦና በኢታንግ አካባቢ ለሰፋፊ እርሻዎች የገቡት የእርሻ መሣሪያዎች፣ ሁሉም የሚጸዳ ግራሶ አላቸው። እንዲህ ያለው ገዢ የሚፈልገው በርሜል ሳይሆን ጀሪካን ነው። በጀሪካን የተቀዳ ዕቃ ደግሞ ስሙንም፣ ምልክቱንም፣ ማስጠንቀቂያውንም በርሜሉ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው።

ሁሉም “ቲነር” ሲባል

በገበያችን ቀለም የሚያቀጥንም፣ ቀለም የሚያስለቅቅም፣ ብረት የሚያጸዳም ፈሳሽ ሁሉ “ቲነር” ነው። ይህ የስም መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። እውነተኛው ቲነር ከውኃ ይቀላል፤ ቶሎ በእሳት ይያያዛል፤ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ከእሳት ያርቀዋል። ሜቲሊን ክሎራይድ በአንጻሩ ከውኃ ይከብዳል፤ ክብሪት ቢጫርበት እንደ ቤንዚን ቦግ አይልም። ሻጩም ይህንኑ እንደ ምስክር ወረቀት ያቀርበዋል፦ “ጌታዬ፣ ይኼ እኮ እሳት አይፈራም!”

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ትነቱ ከአየር ጋር ከ13 እስከ 23 በመቶ ሲደባለቅ ኃይለኛ ብልጭታ ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል። ቲነር ወይም ቤንዚን ከተቀላቀለበት ደግሞ ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል። ከሁሉም የከፋው ትነቱ በጋለ ብረት፣ በብየዳ እሳት ወይም በፍም ላይ ሲያልፍ የሚሆነው ነው፤ ተሰባብሮ የጨው አሲድ ጋዝና ፎስጂን ይወጣዋል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ ነው። የተነፈሰው ሰው ለጊዜው ደህና መስሎ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊሞላ ይችላል። እንግዲህ ብየዳ ቤትና ቀለም ማስለቀቂያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚውሉበትን፣ ከሰዓት በኋላ የቡና ከሰል የሚነድበትን ሱቅ አንባቢ ያስብ።

ዕቃውን ለመለየት ማሽተት ፈጽሞ አይገባም። ሚዛን ይበቃል። አንድ ሊትር ቲነር ብዙውን ጊዜ 900 ግራም አይሞላም። አንድ ሊትር ሜቲሊን ክሎራይድ 1 ኪሎ ከ330 ግራም ይመዝናል፤ ትራይክሎሮኤቲሊን 1 ኪሎ ከ460፣ ፐርክሎሮኤቲሊን 1 ኪሎ ከ620 ግራም ያህል ነው። “ቲነር ነው” የተባለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ26 ኪሎ በላይ ከመዘነ በውስጡ ያለው የተባለው ዕቃ አይደለም።

በኪሎ ገዝቶ በሊትር መሸጥ

ይኸው ክብደት የሒሳብ ወጥመድም ነው። አስመጪው የሚገዛው በኪሎ ነው፤ ቸርቻሪው የሚሸጠው በሊትር። ባለ 200 ሊትር በርሜል 266 ኪሎ ያህል ይይዛል። ለስሌት ያህል ኪሎው 100 ብር ነው ብንል በርሜሉ 26 ሺህ 600 ብር ወጣበት ማለት ነው። ይህንኑ በሊትር 100 ብር የሸጠ ሰው 20 ሺህ ብር ይሰበስባል፤ አንድ ጠብታ ሳይፈስበት ሩብ ገንዘቡን አጣ። የሊትሩ መነሻ ዋጋ 133 ብር መሆን ነበረበት። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዘይትና ከነዳጅ ንግድ ወደ ኬሚካል የተሻገረ ነጋዴ ዕቃው ከውኃ ይከብዳል ብሎ አይጠረጥርም።

በዚህ ላይ ትነቱ ይጨመራል። በ35 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ በጎደለ በርሜል ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ትነት ይዟል። ክዳኑ በላላ ቁጥር ከዚህ የተወሰነው ይወጣል፤ የወጣውን የፈሳሹ ትነት ወዲያው ይተካዋል። ክዳኑ ሳይጠብቅ ያደረ በርሜል ሌባ ሳይነካው ይጎድላል። የጎደለው ደግሞ የትም አልሄደም፤ የመጋዘን ጠባቂው ሲተነፍሰው አድሯል።

የ38 ዲግሪው ጉዳይ

ሜቲሊን ክሎራይድ በባሕር ጠለል የሚፈላው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ፈሳሽ ሁሉ የአየር ግፊት በቀነሰ መጠን ቶሎ ይፈላል። ስለዚህም 2 ሺህ 350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ይህ ዕቃ የሚፈላው 32 ዲግሪ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 500 ሜትር ብቻ ስለሆነች መፍያው ወደ 38 ዲግሪ ከፍ ይላል። በወረቀት ሲታይ ጋምቤላ የተሻለች ትመስላለች።

ልዩነቱ ያለው ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። አዲስ አበባ በጥላ ሥር 32 ዲግሪ አትደርስም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋምቤላ ግን በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ወደ 40 ዲግሪ ትጠጋለች፤ የምታልፍበትም ቀን አለ። ይህ ደግሞ የጥላው ሙቀት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ፣ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ሸራ ሥር ያለው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር ይህ ዕቃ በአዲስ አበባ መጋዘን ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ በጋምቤላ ቀትር ክፍት ሆኖ ከተገኘ ያለ ምድጃ ይፈላል።

የተዘጋ በርሜልስ? በ20 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ የተሞላ በርሜል ጋምቤላ ፀሐይ ላይ ውሎ 50 ዲግሪ ቢደርስ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ ፈሳሹ ራሱ ያብጣል፤ 200 ሊትሩ ወደ 208 ሊትር ይጠጋል። ሁለተኛ ትነቱ ግፊት ይፈጥራል። ክፍተት የተተወለት በርሜል ውስጥ እንኳ ግፊቱ ከውጭው አየር አንድ እጥፍ ያህል ሊበልጥ ይችላል፤ ይኸውም የአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። እስከ አፉ የተሞላ ከሆነ ግን ያበጠው ፈሳሽ የሚሄድበት ቦታ የለውም። በርሜሉ ከላይና ከታች ይነፋል፤ ስፌቱ ወይም ክዳኑ ይለቃል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። “ዕቃው የሚገባው በጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ከጋምቤላ ትብሳለች እንጂ አታንስም፤ እዚያ ያልፈነዳ ጋምቤላ ለምን ይፈነዳል?” ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከአሞላሉ ላይ ይገኛል። አምራቹ በርሜሉን የሚሞላው ሙቀት እንደሚመጣበት አውቆ፣ ክፍተት ትቶ፣ ለዚህ ግፊት በተፈተነ ብረት ነው። ችግሩ የሚጀምረው በርሜሉ መርካቶ ላይ ተከፍቶ ወደ ዘይት ጀሪካንና ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ሲገለበጥ ነው። ፕላስቲኩን ሶልቬንቱ ያለሰልሰዋል፣ በግድግዳው በኩልም ይሰርጋል። ቀጂውም “ሙሉ ነው” ለማሰኘት እስከ አፉ ይሞላዋል። የአልሙኒየም ዕቃም አይሆንም፤ ከአልሙኒየም ጋር ሊዋጋ ይችላልና። በውኃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ቀለም አልባ ፈሳሽ በጋምቤላ ሙቀት ማን አንስቶ እንደሚጠጣው መናገር አያስፈልግም።

ወባ የሚመስል መመረዝ

የዚህን ዕቃ መርዛማነት ለመረዳት የከሰልን ጢስ ማስታወስ ይበቃል። ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሜቲሊን ክሎራይድ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ጉበት ሲሰባብረው ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሰውየው ከሥራ ቦታው ወጥቶ ንጹሕ አየር ካገኘም በኋላ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ሶልቬንት ጋዙን ማመንጨቱን ለሰዓታት ይቀጥላል። በዚህ ላይ ሶልቬንቱ ራሱ እንደ ማደንዘዣ አእምሮን ያፈዛል፤ መጠኑ ከበዛ መተንፈስን ያቆማል። ልብ ሕመም ያለበት ሰው ይበልጥ ይጎዳል።

መጠኑ ምን ያህል ነው? ሦስት በአራት ሜትር የሆነች፣ ጣሪያዋ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ አንዲት ክፍል እንውሰድ። በጋምቤላ ሙቀት አንድ ሊትር ሜቲሊን ክሎራይድ ተንኖ ሲያልቅ ከ420 ሊትር ያላነሰ ጋዝ ይሆናል። ክፍሏ ተዘግታ ከሆነ በሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 14 ሺህ እጅ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ነው ብሎ የያዘው 2 ሺህ 300 እጅን ነው። አንድ የውኃ ብርጭቆ የፈሰሰበት ክፍልም ይህን መስመር ያልፋል። በአሜሪካ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ለብዙ ዓመታት ሲፈቀድ የቆየው መጠን 25 እጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወደ 2 እጅ ዝቅ አድርጎታል። በዚያች ክፍል 25 እጅ ለመሙላት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ አያስፈልግም።

አፍንጫ እዚህ ላይ አያድንም። ብዙ ሰው ጠረኑን የሚለየው መጠኑ 250 እጅ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ማለትም ከ25ቱ ገደብ አሥር እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው። ትንሽ ከቆዩ ደግሞ አፍንጫው ይለምደዋል። “አሁን ጠረኑ ጠፍቷል” የሚል ሠራተኛ አፍንጫው ደንዝዟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ለጋምቤላ የተለየ ትኩረት የሚያሻው ነገር ምልክቶቹ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ወባ ባለበት አገር እነዚህን ምልክቶች የያዘ ሠራተኛ “ወባ ተነሳብኝ” ብሎ ተኝቶ ሊውል ይችላል፤ አሠሪውም ያምነዋል። በማግሥቱ ተመልሶ እዚያው ክፍል ይገባል። በሌላ በኩል ወባ ደጋግሞት ደሙ ያነሰ ሰው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ አስቀድሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድን የመቋቋም ኃይሉ ከጤነኛው ያንሳል። ትኩሳት ሳይኖረው፣ ሥራ ላይ ሲውል የሚያመው፣ በእረፍት ቀኑ ደግሞ የሚሻለው ሠራተኛ ካለ አሠሪው መጠርጠር ያለበት ትንኟን ሳይሆን ጀሪካኑን ነው። ወደ ጤና ተቋም ሲወስደውም ምን ዓይነት ኬሚካል ሲነካ እንደዋለ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው።

ወተትን በሚመለከት አንድ ነገር እንበል። ኬሚካል ለሚነኩ ሠራተኞች ወተት ማቅረብ በአያሌ ፋብሪካዎች የቆየ ልማድ ነው። ወተት ምግብ ነው፤ መልካም ነው። በሳንባ የገባን ትነት ግን አያወጣም። ወተት ገዝቶ መስኮት ያልከፈተ አሠሪ ገንዘቡን ያለቦታው አውጥቷል። የወደቀ ሰው ሲገኝ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ የረጠበ ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳውን በብዙ ውኃ ማጠብና በፍጥነት ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። የዋጠ ከሆነ እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም። ሊያወጣው የሚገባ ሰውም ትንፋሹን ይዞ ሮጦ መግባት የለበትም፤ አንዱ አንዱን ሊያወጣ ገብቶ ሁለቱም የሚቀሩበት አደጋ በጉድጓድና በታንከር ሥራ የታወቀ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2018 ድረስ በአሜሪካ ብቻ በዚህ ዕቃ የሞቱ 85 ሰዎች በአንድ ጥናት ተመዝግበዋል። ከእነርሱም ውስጥ በመታጠቢያ ክፍል የገንዳ ቀለም ሲያስለቅቁ የሞቱ ይገኙበታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚገመተው መደብ አስገብቶታል። ትራይክሎሮኤቲሊን ከዚህ የከፋ ነው፤ ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ይገኛል። የአስፋልት መንገድ የሚሠሩ ተቋራጮች ከአስፋልት ናሙና ውስጥ ሬንጁን ለይተው ለመለካት ትራይክሎሮኤቲሊን መጠቀማቸው በሙያው የቆየ ዘዴ ነው። በመስክ ካምፕ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይህን ምርመራ የሚያደርግ ቴክኒሺያን ያለው ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

ጭነትና መጋዘን

ጋምቤላ ለሩቅ ንግድ እንግዳ አይደለችም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን በእንፋሎት መርከብ ዕቃ ይመጣ፣ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በዚያው ይወጣ ነበር። ዛሬ ጭነቱ የሚመጣው ከደጋው በአይሱዙና በከባድ መኪና ነው። ከስኳር፣ ከዱቄትና ከሳሙና ጋር ተደባልቆ ይጫናል። መርዛማ መደብ ያለው ዕቃ ከምግብ ጋር አይጫንም፤ ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ደንብ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ጣሪያ ላይ ወይም መቀመጫ ሥር የሚገባ ጀሪካን ደግሞ ከጭነት ይልቅ የተሳፋሪ አደጋ ነው፤ መስኮት በተዘጋ መኪና ውስጥ የጀሪካን ክዳን ቢለቅ መጀመሪያ የሚደነዝዘው ሹፌሩ ሊሆን ይችላል።

ከቡሬ በኋላ ቁልቁለት ነው። የሚሻለው ጭነቱ ቆላውን በሌሊት ወይም በማለዳ እንዲያቋርጥ ማድረግ ነው። ጋምቤላ የደረሰ በርሜል በዚያው ቀን ከሰዓት መከፈት የለበትም። በጥላ አድሮ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ እስኪተነፍስ መጠበቅ ነው። ቀትር ላይ የተከፈተ ከቢራ ጠርሙስ በባሰ አኳኋን ሊገነፍል ይችላል።

መጋዘኑን በሚመለከት፣ የዕቃው ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ከጣሪያ ሥር ያለች መስኮት ብቻዋን አትበቃም፤ ግድግዳው ከወለሉ አጠገብ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ጉድጓድ፣ ምድር ቤትና ኮንቴይነር አይሆኑም። የጋምቤላ ሣር ክዳን ቤት ከቆርቆሮው እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም በእሳት ስለሚያያዝና በእሳት ጊዜ ያ ጋዝ ስለሚወጣ እርሱም አይመከርም። ከሁሉ የሚሻለው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ከሥሩ ኮርኒስ የተሠራለት፣ ጎኑ በወንፊት ሽቦ የታጠረ መጠለያ ነው። ወለሉ ስሚንቶ ሆኖ ዙሪያውን ግንብ ቢኖረው የፈሰሰው አይሄድም።

ስለ ጓንትና ጭምብል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀጭኑን የሐኪም ጓንት ሜቲሊን ክሎራይድ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ጓንቱ ውስጥ የገባው ደግሞ እጅ ላይ ታሽጎ ይቆያል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጓንት በልዩ ትዕዛዝ ይገኛል እንጂ ሱቅ አይገኝም። የአቧራ ጭምብል ለትነት ምንም አይደለም። ባለ ከሰል ማጣሪያው ጭምብልም ለዚህ ዕቃ ቶሎ ይሸነፋል፤ የአሜሪካ ደንብ የሚጠይቀው ከውጭ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚመጣለትን ነው። ይህን ማሟላት ለማይችል ጋራዥ አማራጩ ዕቃውን አለመግዛት ነው። ግራሶ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በብሩሽና በነጭ ጋዝ ይለቃል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ነጭ ጋዙም እሳት ይፈራል፤ ግን ሠራተኛው የሚፈራውን ያውቀዋል። የብረት ቀለም በመፋቂያ፣ በሽቦ ብሩሽ ወይም በጥንቃቄ በተያዘ ኮስቲክ ሶዳ ይነሳል።

ሕጉና የውጭው ገበያ

በአገራችን የኬሚካል ንግድ በምዝገባና በፈቃድ እንዲመራ የኬሚካል ምዝገባና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1075/2010 ወጥቷል። የቆሻሻውን ጉዳይ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ፣ መከላከያ የመስጠትና አደጋውን የማስረዳት ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ “እኔ ያመጣሁት ቲነር ብዬ ነው” የሚለው መልስ ነጋዴውን ብዙ ርቀት አያስኬደውም። ገዢ ሲገዛ የዕቃውን የደህንነት መረጃ ሰነድ ይጠይቅ፤ ሰነድ የሌለው ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ርካሽ አይደለም።

ባለሀብት ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ቀለም ማስለቀቂያ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ወስኖ በተከታዮቹ ዓመታት ተግባራዊ አድርጓል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 በሸማች ቀለም ማስለቀቂያ ላይ፣ በ2024 ደግሞ በአብዛኞቹ የኢንዱስትሪ አገልግሎቶች ላይ የእገዳ ደንብ አውጥታለች። ትልልቅ ገበያዎች ሲዘጉ አምራቹ ሌላ በር ማንኳኳቱ የማይቀር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ “ዋጋው ወረደ” ተብሎ የሚመጣ ቅናሽ ለምን እንደወረደ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው።

ባዶው በርሜል

በንግዱ ውስጥ ከዕቃው እኩል የሚፈለገው በርሜሉ ነው። ምናለሽ ተራ ለሚሸጠውም፣ ጋምቤላ ለሚገዛውም ባዶ የብረት በርሜል ገንዘብ ነው፤ ውኃ ይጠራቀምበታል፣ ተቆርጦ ምድጃና በር ይሆናል። ሆኖም በ35 ዲግሪ ሙቀት ውስጡ የረጠበ “ባዶ” በርሜል ከግማሽ ኪሎ በላይ ትነት ይዟል። በብየዳ እሳት የሚቆርጠው ሰው ከዚያ የሚወጣውን ፎስጂን ሊተነፍስ ይችላል። ውኃ የሚቀዳበትም ቤተሰብ ከሥሩ የተኛውን ቅሪት ይጠጣል፤ ዕቃው ከውኃ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣልና።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የያዘው ገደብ በሊትር 20 ማይክሮ ግራም ነው። በስሌት አንድ ሊትር ሜቲሊን ክሎራይድ 66 ሚሊዮን ሊትር ውኃን እዚያ ገደብ ላይ ያደርሳል። ባሮ ወራጅ ስለሆነ፣ ዕቃውም ስለሚተን ከወንዝ ቶሎ ሊጠፋ ይችላል። መሬት ላይ የተደፋው ግን አሸዋውን ሰርስሮ ከርሰ ምድር ውኃው ሥር ይተኛል፤ እዚያ ፀሐይ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ለዓመታት ይቆያል። ያገለገለውን ቅሪት “ትንሽ ናት” ብሎ ከጋራዡ ጓሮ የሚደፋ ሰው የራሱን ሠፈር የጉድጓድ ውኃ ነው የሚነካው።

ማቃጠልም መፍትሔ አይሆንም፤ ክሎሪን ያለበት ቆሻሻ የሚጠይቀው ከፍተኛ ሙቀት ያለው ልዩ ምድጃ ነው። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ከ1 ሺህ ቶን በላይ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ለማስወገድ በተነሳች ጊዜ ያን ሁሉ አሽጋ፣ በመርከብ ጭና ፊንላንድ ድረስ መላክ ነበረባት። ጋምቤላ ላይ ያለ ባለ ጋራዥ ፊንላንድ የሚልክበት መንገድ የለውም። ያለው አማራጭ ቅሪቱን በክዳን ጠብቆ፣ ምልክት አድርጎ፣ ወደ ሻጩ መመለስ ነው፤ ይህም ከግዢው በፊት ከሻጩ ጋር በጽሑፍ መዋል አለበት። ባዶውን በርሜልና ቅሪቱን መልሼ እወስዳለሁ ብሎ የማይፈርም ሻጭ ካጋጠመ፣ የበርሜሉ ዋጋ ላይ የመጣያውን ወጪ ጨምሮ ማስላት ነው፤ ያኔ ነጭ ጋዙና ሳሙናው ምን ያህል ርካሽ እንደሆኑ ይታያል።